መዶሻው የት ገባ?



ባለፈው ስብሰባችን፣ ከመቅደላ ዘመቻ ጋር የመጣው የእንግሊዛዊው የብላንፎርድ ስም ከሥነ ምድር ትምህርታችን ይፋቅ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ጭብጨባ አግኝቷል። ቁጣው ይገባናል። ዊሊያም ብላንፎርድ በ1860 ዓ.ም. ከዙላ እስከ መቅደላ የወጣው የናፒየርን ጦር ተከትሎ ነው። ያው ጦር የዐፄ ቴዎድሮስን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወርዷል። ይህን ሳያነሣ ስለ ብላንፎርድ የሚያስተምር መምህር ትምህርቱን አጉድሏል።

ዳሩ ግን ስሙን ብንፍቅ ምን እናተርፋለን? ሰውየው ያን ጊዜ 35 ዓመቱ ነበር። ቀደም ሲልም፣ ገና 25 ሳይሞላው፣ በሕንድ ታልቺር የተገኙትን ቋጥኞች አይቶ በጥንት ዘመን ያመጣቸው በረዶ ነው ብሏል፤ ያውም በሐሩር አገር! እኛም ዘንድ በጥቂት ወራት ድንጋዩን በየንብብሩ ለየ፣ ወፉንና አውሬውን ሰበሰበ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 መጽሐፉን አሳተመ። የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌና የመቅደላ ባዛልት የሚባሉት ስሞች ከእርሱ የመጡ ናቸው። ልብ በሉ፣ ስሞቹ የአገራችን ቦታዎች ስሞች ናቸው። ቡናችን እንኳ ይህን ዕድል አላገኘም፤ በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ጫካ በራሱ እየበቀለ፣ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «አረቢካ» ብሎ ለዓረብ ሰጠው።

ብላንፎርድ ወደ እኛ አካባቢ አልደረሰም። ስለዚህ ቱም ላይ በእርሱ ማሳበብ አንችልም። የሰሜኑ ደጋ ባዛልት በአብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲፈስ፣ በደቡብ በኩል እሳተ ገሞራው የጀመረው ከ40 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ተምረናል። በእጃችን ግን አልነካነውም። ወደ ቱም ሊደረግ የነበረው የመስክ ጉዞ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል፤ ምክንያቱ ነዳጅ የለም የሚል ነው። (ለእንግዳ አቀባበል መኪና ጠፍቶ አያውቅም።) መዶሻዎቹም በመጋዘን ተቆልፈው ዝገዋል።

እንግዲህ ስም ለማስፋቅ ፊርማ የምታሰባስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚያው ወረቀት ላይ ይህንንም ጨምሩበት፦ የመጋዘኑ ቁልፍ ለክፍሉ ይሰጥ፤ ማንም ተማሪ በእግሩ ሄዶ የሠራው ካርታ ሳይኖረው አይመረቅ፤ መንገድ የመሩን የአገሩ ሰዎች ስም፣ ከፈቀዱ፣ በካርታው ላይ ከእኛ ስም ጋር ይጻፍ። የቱም መንገድ በዝናብ ሳይጨቀይም፣ በጥር ወር መኪናው ይታዘዝልን።