የዐለታችን ዕድሜና የዘመን ቈጠራችን

ባለፈው ዓመት በባዮሎጂ ፈተና ላይ የድንቅነሽ ዕድሜ ስንት ነው ተብለን ብንጠየቅ ሁላችንም «3.2 ሚሊዮን ዓመት» ብለን ጻፍን። ከክፍል ስንወጣ አንድ ጓደኛዬ «ለነጥቡ ብዬ ጻፍሁት እንጂ፥ ዓለም ከተፈጠረ 7500 ዓመት ገደማ መሆኑ ጠፍቶኝ ነውን?» አለኝ። እኔን ያሳሰበኝ የልጁ እምነት አይደለም፤ እምነቱ የራሱ ነው። ያሳሰበኝ ገና በ18 ዓመታችን ለመምህር አንድ ቃል፥ ለቤት ሌላ ቃል መናገር መልመዳችን ነው።

በእኔ አስተያየት ጠቡ የመጣው ልዩ ልዩ ሥራ ያላቸውን ሁለት ቍጥሮች አንድ ሥራ እንዲሠሩ ከማስገደድ ነው። አያቴ ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ። ዓመተ ዓለም የሚገኘው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 በመደመር ነው። ለምሳሌ 2016 ዓ.ም. 7516 ዓመተ ዓለም ነበረ፤ ይህም ለ4 ሲካፈል ቀሪ ስለሌለው ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ሆነ። ጾሙና ፋሲካውም የሚወጡት ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ እስከ ዛሬም ሳይዛነፍ ይሠራል። ታዲያ የቤተ ጊዮርጊስ ዐለት በዚህ ይለካል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ሣቅ ብለው «ልጄ፥ እኔ በዓል አወጣለሁ እንጂ ድንጋይ ቈጥሬ አላውቅም» አሉኝ።

ዐለቱማ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። የላስታን ተራሮች የሠራው ቅላጭ ድንጋይ የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህ በግምት የተባለ አይደለም። ድንጋይ ሲቀልጥ በውስጡ ያለው አርጎን የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ ከበረደ በኋላ ግን ከፖታሲየሙ አንዱ ዓይነት እጅግ በዝግታ እየተለወጠ፥ ከፊሉ አርጎን ሆኖ እንደገና ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ሲለካ ድንጋዩ የበረደበት ዘመን ይታወቃል።

በስልክ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩ ትምህርቶች «አጥንት ዕድሜውን አይናገርም» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው! ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር ስትገኝ ዕድሜዋ የታወቀው ከአጥንቷ አይደለም። የተለካው አጥንቷ ከነበረበት ደለል በላይና በታች የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ነው። ተቃዋሚው ያልተባለውን ይቃወማል ማለት ነው።

ሌሎችም በዓባይ ሸለቆ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚታዩትን የባሕር ዛጎሎች የኖኅ ውኃ ጥሏቸው ሄደ ይላሉ። ነገር ግን በዚያ ድንጋይ ላይ የአሸዋ ድንጋይ፥ ከዚያም በላይ እንደ እኛው ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጭኖበታል። የአንድ ዓመት ጎርፍ ይህን ሁሉ እንደምን አድርጎ እንደ ደራረበው የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

መምህሮቻችንን የምለምነው ቍጥሩን ብቻ አስጽፈው እንዳያልፉ፥ እንዴት እንደ ተገኘም እንዲያሳዩን ነው። ወላጆቻችንም ልጅ ስለ ዐለት ዕድሜ ቢጠይቅ ሃይማኖቱን ካደ ብለው አይደንግጡ፤ አያቴ አልደነገጡም።

ያን ጓደኛዬን በሚመጣው ቅዳሜ ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው መንገድ አብረን እንድንወጣ ለምኜዋለሁ። የዐለቱን ንብርብር ቆሞ ይመልከተው። ከዚያ በኋላ አላምንም ቢል እዚያው ፊት ለፊት ይንገረኝ፤ በፈተናው ወረቀትም ላይ ያንኑ ይጻፍ።