የአደኑ ገንዘብ ገበሬው ዘንድ ይድረስ

በአሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። በአርሲና በባሌ ደጋዎች፣ በተፈቀዱ የአደን ቦታዎች፣ ድንኳንና ስንቁን በፈረስ ያስጫነ የውጭ አዳኝ አንድ ቀንዳም ወንድ ለመግደል በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ከክፍያው 85 በመቶው ለክልል ነው። ከክልሉ ካዝና ወዲያስ? ገብሱን ሲያስበላ የሚከርመው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ የጥይቱን ድምፅ እንጂ ብሩን አያውቀውም። ታዲያ ደኑን ለማን ብሎ ይጠብቅ? አደን ጭራሽ ይከልከል የሚሉ ወገኖች ስሜት ይገባናል፤ ነገር ግን አጋዘኑን ይበልጥ ያጣበበው እርሻና ከብት ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የየዓመቱን ኮታና የቆጠራ ውጤት በይፋ ያውጣ፤ ክልሎችም የአካባቢውን ነዋሪ ድርሻ በሕግ ይወስኑ።