ሰኞ ድርቀት፣ ሐሙስ ሩጫ!

የዛሬው ጉዳያችን ማዕድ ላይ የሚነሳ አይደለም። ምሳ እየበላችሁ ጋዜጣውን የገለጣችሁ ካላችሁ አጠፍ አድርጉትና እጃችሁን ታጥባችሁ ተመለሱ። እንደምትመለሱ አልጠራጠርም፤ በዚህ ከተማ «ሆዴን» የማይል ሰው ስንት ይገኛል?

ደብዳቤውን የጻፈችልኝ የ26 ዓመት ወጣት ናት። በአንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። ሕመሙ ከጀመራት ሦስት ዓመት ሆኗታል። አራት ቀን ሙሉ ሽንት ቤት ደርሳ በባዶ ትመለሳለች፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ቀሚሷ አልዘጋ ይላል። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ቁርጠት ይነሳና አራት ጊዜ ያስሮጣታል። «ሣጥኑን ቆልፌ ስሮጥ ወረፋ የያዘው ሰው ምን እንደሚል አትጠይቁኝ» ትላለች። ሲደርቅባት ሰናመኪ ታፈላለች። ሲለቅባት የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ትውጣለች። ሁለቱም አልሆን ሲላት ደግሞ «አሜባዬ ተነሳ» ብላ ፋርማሲ ትሄዳለች። ዘንድሮ ብቻ አራት ጊዜ የአሜባ መድኃኒት ወስዳለች፤ ሰገራዋ የተመረመረው ግን አንዴ ነው።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። የባሰው ሌላ ነው። የእጮኛዋ ወላጆች የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር። ሁለት ጊዜ ቀን ተቆርጦ፣ እናትየው ጠላ ጠምቀው ዶሮ ሠርተው ሲጠብቁ፣ እሷ በመጨረሻው ሰዓት ቀርታለች። መኪና ውስጥ ሆዷ ቢነሳስ? ምክንያቱን ግን ለልጁ አልነገረችውም። «ቤተሰቦቼን ንቃ ነው ብሎ አኩርፏል። ባለፈው እሁድ ‹ካልፈለግሽኝ ቁርጡን ንገሪኝ› አለኝ። ምን ልበለው? ሆዴ ነው ልበል?»

አዎ እህቴ፣ ሆዴ ነው በይው! ዛሬውኑ። እሱ ሆድ የለውም እንዴ? የምታገቢው ሰው እኮ አንድ ሽንት ቤት የምትጋሪው ሰው ነው፤ ዛሬ ብትደብቂው ከሠርጉ በኋላ ማወቁ አይቀርም። እስካሁን ዝም ማለትሽ ሕመሙን ንቀት አስመስሎብሻል። ሐኪም ቤት ስትሄጂም ይዘሽው ሂጂ።

አሁን ወደ ሕመሙ ልግባ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ደብዳቤውን ለአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም አስነበብኩ፣ መነበብ ያለበትንም አነበብኩ። ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድመህ ጻፍ ያለኝ ይህንን ነው። ሰገራ ውስጥ ደም ከታየ፣ ሳይፈልጉ ክብደት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ካለ፣ ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ የደም ማነስ ከተገኘ፣ ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የያዘው ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከ45 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ከሆነ የጋዜጣ ምክር አያስፈልጋችሁም፤ በቀጥታ ወደ ምርመራ ነው። ልጅቷ ከእነዚህ አንዱም የለባትም። ቢሆንም መመርመሯ አይቀርም።

ሕመሙ ኢሪቴብል ባወል ሲንድሮም ይባላል፤ በአጭሩ አይ ቢ ኤስ። እኔ «ቁጡ አንጀት» ብየዋለሁ። ሐኪሞች እንዲህ የሚሉት የሆድ ሕመሙ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ለሦስት ወር ከቆየ፣ ከተጀመረም ስድስት ወር ካለፈው፣ ከዓይነ ምድር መለዋወጥም ጋር የተያያዘ ከሆነ ነው። በመሣሪያ ሲታይ አንጀቱ ቁስል የለውም። ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ታዲያ «ምንም የለብሽም» ብሎ መሸኘት ተገቢ ነው ማለት አይደለም። አንጀትና አእምሮ በነርቭ የተሳሰሩ ናቸው፤ በዚህ ሕመም መልእክቱ ይዛባል። ትልቁ አንጀት ሥራው ከምግቡ ቅሪት ውስጥ ውሃ መምጠጥ ነው። ከቀዘቀዘ ሲመጥ ውሎ ሲመጥ ያድርና ሰገራው የበግ በጠጥ ይመስላል። ከቸኮለ ደግሞ ሳይመጥ ያሳልፈዋል። የአንዳንዱ ሰው አንጀት ሁልጊዜ ሰነፍ ነው፣ የሌላው ሁልጊዜ ችኩል። የእኛ ደንበኛ ግን ሁለቱንም ናት፤ አስቸጋሪው ዓይነትም ይኸው ነው።

ስለ አሜባ ትንሽ ልበል፤ ሆዴ ውስጥ ከቆየ ቆይቷል። አሜባ እውነተኛ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ያድናል። ግን በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ሁለት አሜባዎች አሉ። አንዱ አንጀት የሚያቆስለው ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ ነው፤ ሌላው ምንም የማያደርገው ኢንታሚባ ዲስፓር። ስለዚህ «አሜባ ታይቶብሻል» የሚል ወረቀት እንኳ ሁልጊዜ በሽተኛ ነሽ ማለት አይደለም። ሳይመረመሩ በግምት መዋጥማ ጭራሽ! በእርግጥ የአንጀት ኢንፌክሽን ድኖ ካለፈ በኋላ ቁጡ አንጀትን ትቶ ሊሄድ ይችላል። «ያኔ አሜባ ይዞኝ ነው የጀመረኝ» የሚሉ ሰዎች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዳው ግን ከሄደ ቆይቷል፤ አራተኛው ሜትሮኒዳዞል ማንን ነው የሚያባርረው?

ሐኪሙ ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ጣቱን ያሳረፈው ሰናመኪውና ክኒኑ ላይ ነው። ሰናመኪ አንጀትን ገርፎ ያስሮጣል፤ በማግስቱ ተቅማጥ። በተቅማጡ ተደናግጣ ማቆሚያውን ትውጣለች፤ አንጀቱ ቀጥ ይላል፤ ለአራት ቀን ድርቀት። ከዚያ እንደገና ሰናመኪ... ግማሹን ዥዋዥዌ የምትገፋው ራሷ ናት። የጉሎ ዘይትም ሆነ ዱልኮላክስ የሚያዘወትሩ ሰዎች እዚሁ ላይ ጆሯቸውን ይስጡኝ። ከድርቀት በኋላ የሚመጣው ቀጭን ተቅማጥ አንዳንዴ ተቅማጥ እንኳ አይደለም፤ ከደረቀው ጀርባ የተጠራቀመው ፈሳሽ በጎን ሾልኮ ነው። ያን ማቆሚያ ክኒን ሲሰጡት ምን እንደሚሆን አስቡት።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ለድርቀትም ለተቅማጥም የሚሆን፣ በየቀኑ በልክ የሚወሰድ ነገር ነው። እሱም አለ፤ ጓዳችን ውስጥ።

አሰር ሁለት ዓይነት ነው። የማይሟሟው እንደ ስንዴ ፉርሽካ ያለው ነው፤ ቁጡ አንጀትን ይቧጥጣል፣ ይነፋል። ብዙ ሰው «ለድርቀት ጥሩ ነው» ሲባል ፉርሽካ ዳቦ ይገዛና ብሶበት ይመጣል። የሚሟሟው ግን ውሃ ሲያገኝ እንደ ሙጫ ይለጠልጣል፤ የደረቀውን ያለሰልሳል፣ የቀጠነውንም ውሃውን ይዞ ያወፍረዋል። ስለዚህ ነው ለሁለቱም የሚሆነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያም የሚሟሟውን ውሰዱ፣ የማይሟሟውን ተዉት ይላል። የእንግሊዙ ናይስ የሚባለው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ምክር ጋዝና መነፋት ላለበት ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? አጃ ብላ፣ ተልባም በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሰድ! እናቶቻችን ይህንን ለማወቅ ለንደን አልሄዱም።

አወሳሰዱ ግን ቀስ ብሎ ነው። የተቆላና የተፈጨ ተልባ በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ፤ ከሳምንት በኋላ ሁለት፤ ሆድ ከተቀበለው ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ። በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ጠጡት። በውሃ ያልታገዘ ተልባ አንጀት ውስጥ ጭቃ ይሆናል። የመጀመሪያውን ሳምንት ትንሽ ጋዝ ቢጨምር አትደንግጡ። ተልባ ያልተስማማው ሰው ፋርማሲ ሲሊየም ወይም ኢስፓጉላ የሚባለውን ዱቄት ይጠይቅ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከተልባው ጋር አንድ ላይ አትዋጡት፤ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ሰዓቱን አራርቁት።

ውሃን በተመለከተ ልጅቷ አንድ መስመር ጽፋለች፤ የገረመኝ እሱ ነው። ሥራ ቦታ የምትጠጣው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው፣ «ሽንት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ»። እንግዲህ አንጀቱ ከየት አምጥቶ ያለስልስ? ናይስ በቀን ቢያንስ ስምንት ኩባያ ፈሳሽ ይላል። ሁለቱ ከቁርስ በፊትና ከቁርስ ጋር ቢሆኑ፣ የቀረው በየሰዓቱ ጉንጭ ጉንጭ ቢደረግ አይከብድም። ባንዴ መጋት አያስፈልግም። ተቅማጡ ሲበረታ ደግሞ ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጡና ጠጡ። ጋዝ ያለውን ውሃ ሆድ ያፍታታል ብለን እንጠጣዋለን፤ ለተነፋ ሆድ ሌላ ንፋስ መጨመር ነው። ቡናና ሻይ በጠቅላላው በቀን ከሦስት ኩባያ አይብለጥ ይላሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ ልትስቁ ትችላላችሁ። ስኒያችን ትንሽ ናትና በተቅማጡ ሳምንት አቦል ላይ ብታቆሙ እኔ እስማማለሁ።

ምግቡ ላይ ደግሞ ሐሳቤን ልናገር፤ እንጀራን አትፍሩ። ጤፍ ጥሩ አሰር አለው፤ 100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ ውስጥ ወደ 8 ግራም ይሆናል። ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ እንጀራው ላይ ባለው ወጥ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ምስር፣ ሽንብራና ባቄላ ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጣቸው ስኳሮች አሏቸው። ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያ ያፈላቸዋል፤ ውሃም ይስባሉ። ወተትም ለብዙ አዋቂ እንዲሁ ነው፤ አይብ ይሻላል። አውስትራሊያ ሜልበርን ያለው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ላይ «ሎው ፎድማፕ» የሚባል አመጋገብ አውጥቷል። ሁሉንም ለጥቂት ሳምንት ትተህ አንድ በአንድ እየመለስክ የሚያምህን ትለያለህ። ለዘለዓለም የሚተው አይደለም፤ ያለ ባለሙያ ቢጀመርም ሰው ያከሳል። ለጊዜው የወጡን ሽንኩርት በግማሽ ቀንሱ። የሽንኩርት ጣዕም በዘይት ይወጣል፣ አስቸጋሪው ስኳር ግን በዘይት አይሟሟም። ትልልቅ አድርጋችሁ ከትፋችሁ በዘይት አቁላሉና፣ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ሽንኩርቱን አውጡት። እናቶች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ሚጥሚጣና በርበሬም ቁርጠት ያነሳሉ፤ በአልጫ ተለማመጡ።

የጾሙ ነገር አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ውሎ ባንዴ ምስርና ሽሮ ሲወርድበት ቁጡ አንጀት ይነሳል። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ከ55 ቀን በኋላ ቅቤና ሥጋ ይወርድበታል፤ ቅባት አንጀትን ይበልጥ ያንቀሳቅሳል። ጹሙ አትጹሙ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም፤ የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር። የምትጾሙ ግን ስትፈቱ በትንሹ ጀምሩ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድገሙት፤ ለመብላት በተፈቀደው ሰዓት ውስጥ ውሃውን አከታትሉት። በረመዳን ለሚጾሙም ምክሩ ይኸው ነው።

ደብረ ብርሃንስ? ትሄዳለች። ግን ዛሬ አይደለም፤ ተልባውና ውሃው ቢያንስ አራት ሳምንት ይሥሩ። የመሄጃው ቀን ሁለት ሰዓት ቀድማ ትነሳ፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ቁርስ። ሰው ሲበላ ትልቁ አንጀት ይነቃል፣ ጠዋት ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ ከቁርስ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳትቸኩል ሽንት ቤት ትቀመጥ። የአገራችን ቁጢጥ ማለት ለዚህ የታወቀ ነው፤ ፈረንጆች አሁን ለእግራቸው በርጩማ እየገዙ ነው። የተቅማጥ ማቆሚያውን ለመንገዱ ልትይዝ ትችል እንደሆነና መጠኑን ሐኪሟን ትጠይቅ፤ በራሷ አትወስን። መኪናው ውስጥ በሩ አጠገብ ትቀመጥ። ልጁም አጠገቧ፣ ነገሩን አውቆ።

«ብዪልኝ፣ በሞቴ!» ለሚሉት አማት ደግሞ እሱ አስቀድሞ ደውሎ «ጨጓራ አለባት» ይበላቸው። ትክክለኛው ስም አይደለም፣ ሐኪሙ ይቅር ይበለኝ፤ ግን አገር የሚገባው ቃል እሱ ነው። ከዶሮው ሥጋውን፣ ከወጡ ትንሽ፣ አይቡን በደንብ። ቆሎውንና ጠላውን ለእሱ ትተውለት።

እስከዚያው አንድ ደብተር ትግዛ። ለሁለት ሳምንት የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ ስንት ጊዜ እንደሄደችና ምን እንደሚመስል ትጻፍ። ለመልኩ ሐኪሞች ከ1 እስከ 7 ቁጥር ይሰጡታል፤ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የወጣና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ሠንጠረዥ ነው። 1 የበግ በጠጥ ነው፣ 4 ለስላሳና ደህናው፣ 7 ውሃ። የወር አበባዋ የመጣበትን ቀንና ጭንቀት የነበረበትን ቀንም ታክልበት፤ ሁለቱም አንጀትን ይነካሉ። ሐኪሙ ፊት «ሆዴን ያመኛል» ከምትል ያንን ደብተር ብትዘረጋለት ይመርጣል፤ ለእኔ ራሱ ነው የነገረኝ።

ሳምንት እንገናኝ።