የነዳጅ ጭስ፦ ከከተማ ጎዳና እስከ መስኖ ማሳ

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሏን በጥር ወር 2016 ዓ.ም ይፋ አድርጋለች። ለውሳኔው በምክንያትነት ጎልቶ የተነሳው ለነዳጅ ግዥ የሚወጣው የውጭ ምንዛሬ ነበር። ይሁን እንጂ የነዳጅ ዋጋ በብር ብቻ የሚተመን አይደለም፤ በጤናም በሰብልም ይከፈላል።

ቤንዚንም ኾነ ናፍጣ በዋናነት የካርቦንና የሃይድሮጂን ውሕድ ነው። በበቂ አየር ሲነድ ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጂኑ ደግሞ የውኃ ተን ይኾናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2 ነጥብ 6 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጋዙ ከነዳጁ የከበደው ከአየር የተወሰደ ኦክስጅን ስለተጨመረበት ነው።

በነዳጁ ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይኾናል፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝም ወደ አሲድነት ይለወጣል። የሞተሩ ከፍተኛ ሙቀት ደግሞ በአየር ውስጥ ያሉትን ናይትሮጅንና ኦክስጅን ያዋሕዳል። ይህ ውሕድ ከሌሎች የጭስ ጋዞች ጋር ኾኖ ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን ይፈጠራል። በሰማይ ከፍታ ጋሻ የኾነን ኦዞን፣ ከምድር አጠገብ ሲኾን ሳንባን ይጎዳል፤ እንደ ስንዴና አኩሪ አተር ያሉ ሰብሎችንም ምርት ይቀንሳል። ነፋስ ስለሚያጓጉዘውም የከተማው ጭስ ከተማ ውስጥ አይቀርም።

እጅግ አጣዳፊው አደጋ ግን አየር ሲያጥር የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ካለው ሂሞግሎቢን ጋርም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ከላይ የተቀመጠ የውኃ መሳቢያ ሞተር በተግባር ከ7 ሜትር በላይ ካለ ጥልቀት ውኃ መሳብ ስለማይችል፣ አንዳንድ አርሶ አደሮች ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ያወርዱታል። ጭሱ መውጫ በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ይከማቻል፤ ሞተሩን ሊያይ የወረደው ሰው፣ እሱንም ለማዳን የተከተለው፣ ሕይወታቸውን ሊያጡ ይችላሉ።

እገዳው የሚመለከተው ወደ ሀገር የሚገቡ አውቶሞቢሎችን ነው። በሥራ ላይ ያሉት አሮጌ ሚኒባሶች፣ የጭነት ተሽከርካሪዎችና የመስኖ ሞተሮች ግን ማጨሳቸውን ይቀጥላሉ። ለእነዚህ የአየር ማጣሪያን በወቅቱ ማጽዳትና ሞተርን ማስጠገን ጭስን ይቀንሳል። ሀገሪቱ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የምታመነጭ በመኾኗ ለውጡ ከጎዳና አልፎ ወደ ማሳም መድረስ ይችላል፤ በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ጭስ የለውም። እስከዚያው ድረስ ግን የነዳጅ ሞተር ወደ ጉድጓድ መውረድ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም መነሳት የለበትም።