ለሕዝብ ትዕይንት የሚሠራ የዓሣ ገንዳ አስቀድሞ ይታቀድ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖር ሕፃን ዓሣን የሚያውቀው በአብዛኛው በመጥበሻ ላይ ወይም በገበያ ተሰልፎ ነው። በሕይወት ሳለ እንዴት እንደሚዋኝ፣ ምን እንደሚመገብ፣ ልጆቹንም እንዴት እንደሚጠብቅ ለማየት ዕድል ያገኘው ጥቂቱ ነው። ስለሆነም በትምህርት ቤት፣ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ወይም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ሕዝብ የሚያየው ባለመስታወት የዓሣ ገንዳ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ የሚደገፍ እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ያለ ዕቅድ የተሠራ ገንዳ በሁለት ወር ውስጥ ውሃው አረንጓዴ፣ ሽታው መጥፎ፣ ዓሣውም ሙት ይሆናል። የባከነውም ከአባላት ኪስ የወጣው መዋጮ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚያሰኘው ይህ ነው።

በመጀመሪያ የማኅበሩ መሪዎች ገንዳው ለምን እንደሚሠራ ለአባላት ማስረዳት ይገባቸዋል። በጣና ከሚኖሩት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 15 ያህሉ በዓለም ላይ ሌላ ስፍራ አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ ላይ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይን ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚይዘው አንድ ዓሣ ሳይሆን የመጪውን ዓመት ምርት ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነጭ ዓሣ ምርት ክፉኛ ማሽቆልቆሉ በጥናት ተረጋግጧል። ገንዳው ይህን ካላስተማረ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመጠኑ ጉዳይ ነው። ትንሽ ገንዳ ለመያዝ ይቀላል የሚል አስተሳሰብ አለ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ብዙ ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ቶሎም አይበከልም። በአንጻሩ ክብደቱ ሊዘነጋ አይገባም። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል፣ የውሃው ጥልቀት 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 4,800 ሊትር ይይዛል። ይህም ውሃው ብቻ 48 ኩንታል ይመዝናል ማለት ነው። ስለዚህ በእንጨት ወለል ወይም በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። መሬት ላይ በድንጋይ መሠረት ተይዞ፣ ሦስቱ ጎን በሲሚንቶ ተገንብቶ፣ ተመልካች በሚቆምበት በኩል ብቻ መስታወት ቢገጠምለት ወጪውም ጥገናውም ይቀንሳል።

መስታወቱን የሚገፋው የውሃው ርዝመት ሳይሆን ጥልቀቱ ነው። በመሆኑም ገንዳውን ማስፋት ካስፈለገ በርዝመት እንጂ በጥልቀት መጨመር አይገባም። የመስኮት መስታወት ፈጽሞ አይሆንም። ውፍረቱ በመሐንዲስ መሰላት አለበት፤ ሲሰበር የሚጎዳው ፊት ለፊቱ የቆመው ሕፃን ነውና። ገንዳው ጥላ ውስጥ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ውሃ አልጌ ያበቅላል።

አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ይለቅቃል። ስለዚህ ገንዳው ደጋግሞ ተሞልቶ ሊደፋ ይገባል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ዓሣ ወዲያው አይገባበትም። ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣን ይገድላል። ይህን መርዝ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡት በጠጠር ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ እስኪበረክቱ ከአንድ ወር እስከ ወር ተኩል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ዓሦች ብቻ ገብተው ቀስ በቀስ ቁጥራቸው ይጨመራል። ለምርቃት ቀን ተብሎ ዓሣ በአንድ ቀን የሚታጨቅበት ገንዳ ከምርቃቱ ሳምንት አያልፍም።

የዓሣው ምርጫ የገንዳውን ድካም ይወስናል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ብዙ ችግር የሚችለው ቆሮሶ ነው። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስትጠብቅ ማየት ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን ቶሎ ስለሚራባ ገንዳውን ያጨናንቃል። ስለዚህ በባለሙያ ተለይተው ወንዶቹ እንዲበዙ ማድረግ ይሻላል። ከላይ በተጠቀሰው መጠን ገንዳ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ ትልልቅ ቆሮሶዎች ይበቃሉ። አምባዛ ትንንሽ ዓሦችን ስለሚውጥና ከአንድ ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል ከእነርሱ ጋር አይቀላቀልም። ነጭ ዓሣ ደግሞ የሚንቀሳቀስና አየር የበዛበት ውሃ ይፈልጋል። ስለሆነም እርሱን በገንዳው ከማሠቃየት ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ አድርጎ፣ ወደ ወንዝ የሚወጣባቸውን ወራት ከሥሩ መጻፍ ይበልጣል።

ውሃና ተክል ከሐይቁ ሲቀዳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና የታየው እንቦጭ በትንሽ ቁራጭ ይዛመታል፤ ቀንድ አውጣም የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በጋን ወይም በበርሜል አድሮ፣ አየር እንዲያገኝ እየተናጠ ይጨመር። ከውጭ አገር የመጣ ጌጠኛ ዓሣ በገንዳው ባይገባ ይመረጣል። ገንዳው ቢፈርስ ወይም ዓሣው ቢበዛ ወደ ሐይቁ መልቀቅ እንቦጭን እንደገና እንደመዝራት ነው። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስላለ ዓሣ ከመያዙ በፊት የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል፤ ይኸውም ጠባቂው ማን ነው? ለሁሉም የተሰጠ ሥራ የማንም አይሆንም። ሁለት ሰዎች በስም ተመድበው፣ ምግብ በቀን አንድ ጊዜ በጥቂቱ ይስጡ። ዓሣ በረሃብ ከሚሞተው ይልቅ በተረፈ ምግብ በተበከለ ውሃ የሚሞተው ይበዛልና። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የውሃው አንድ አምስተኛ ይለወጥ። ከግርጌው ቧንቧ ቢወጣለት በባልዲ መቅዳት ይቀራል፤ የሚወጣውም ውሃ ለጎመን መደብ ማዳበሪያ ይሆናል። አየር የሚነፋው መሣሪያ መብራት ሲጠፋ ስለሚቆም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መጠባበቂያ አብሮ ይታሰብ።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ይባላል። መሪዎቹ ስብሰባ ጠርተው የመሥሪያውን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን የጥገና ወጪና የጠባቂዎቹን ስም ከወሰኑ ገንዳው ይቆማል። ይህን ለመወሰን አቅም ከሌለ ግን ገንዘቡን አቆይቶ፣ ሕፃናቱን በጥቅምት ወር ከመምህራቸው ጋር ወደ ወንዙ ዳር መውሰድ ይሻላል። ሐይቁ ራሱ ያለ ምንም ክፍያ የሚታይ ገንዳ ነው። የሚጠይቀው አንድ ነገር፣ ዓሣው ወደ ወንዝ ሲወጣ መረቡን ማንሣት ብቻ ነው።