መቅረጫ ያለው ሪሲቨር እንግዛ ወይስ ይቅርብን?

የቤትና የኑሮ ጥያቄ በምናይበት በዚህ ዓምድ የዛሬው ጉዳያችን ቴሌቪዥን የሚቀርጽ መሣሪያ ነው። የሰሊጥ አጨዳው አልቆ ትንሽ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ሲልክ፣ በየቱኩሉ የሚነሳ ጥያቄ ነው። አባት ከሥራ እስኪመለስ ዜናው ያመልጠዋል፤ ልጆቹ ኳስ ይላሉ፤ እናት ደግሞ «ዱቄቱስ? የልጅቷ ጫማስ?» ትላለች። ሁሉም እውነት አላቸው። ስለዚህ «ግዙ» ወይም «አትግዙ» ብሎ በአንድ ቃል ከመጨረስ ነገሩን ብናየው ይሻላል።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ዕቃ እንደምናወራ እንወቅ። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን መቅረጫ ሲሉ ሆዱ ውስጥ ሀርድ ዲስክ ያለውን ዲኮደር ማለታቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ቲቮ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፤ ዲኤስቲቪም በ2005 የራሱን መቅረጫ ለአፍሪካ ደንበኞቹ አመጣ። ቀጥታ የሚተላለፈውን ያቆማል፣ ይመልሳል፣ አንዱን እያያችሁ ሌላውን ይቀርጻል። ጥሩ ዕቃ ነው። ግን የተሠራው መብራት ለማይጠፋበትና ወርሃዊ ክፍያ ለሚከፈልበት ቤት ነው። ገዳሪፍ ገበያ ላይ ሻጩ «ይቀርጻል» የሚላችሁ አብዛኛውን ጊዜ እሱ አይደለም፤ ፊቱ ወይም ጀርባው ላይ የፍላሽ ቀዳዳ ያለው ተራ ሪሲቨር ነው። ፍላሽ ትሰካላችሁ፣ ክብ ቀይ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ይቀርጻል፣ በቃ። ዋናው የመቅረጫውን ስም ሰምታችሁ ለተራው ሪሲቨር የእሱን ዋጋ እንዳትከፍሉ።

ታዲያ ይሄ ተራው ለእኛ ምን ይጠቅማል? የውጭ ሰዎች መቅረጫ የሚወዱት ማስታወቂያ እየዘለሉ ለማየት ነው። ለእኛ ማስታወቂያ ችግራችን አይደለም። የእኛ ችግር ጸሐይ ቀን ላይ መኖሯ፣ ጥሩው ፕሮግራም ደግሞ ማታ መምጣቱ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ብዙ ቤት ያለችው ትንሿ ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የተጻፈባት ናት። ሁለቱን ብታባዙ 84 ይመጣል፤ ሙሉ ስትሆን 84 ዋት ሰዓት ያህል ትይዛለች ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ በደህና የምትጠቀሙበት 42 ነው። አነስተኛ የ12 ቮልት ቴሌቪዥን 20 ዋት፣ ሪሲቨሩ ደግሞ 10 ዋት ቢበሉ በአንድ ላይ 30 ይሆናሉ። 42ን ለ30 ስታካፍሉ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም። ዜናው አልቆ ድራማው ሲጀምር ቤቱ ይጨልማል። የስልክ ቻርጅና የልጆች ማጥኛ መብራት ከዚሁ ባትሪ መሆኑን ደግሞ አትርሱ።

አሁን ቴሌቪዥኑን አጥፉትና ሪሲቨሩ ብቻውን ይቅረጽ። 42 ለ10፤ ከአራት ሰዓት በላይ ይሄዳል። በማግሥቱ ሰማዩ ከጠራ፣ 50 ዋት የተጻፈበት ሶላር ቀትር ላይ ከ30 ዋት በላይ ስለሚሰጥ ቴሌቪዥኑም ሪሲቨሩም ባትሪውን ሳይነኩ ይሠራሉ። ማታ በ10 ዋት ቀርጻችሁ ቀን በጸሐይ ታያላችሁ ማለት ነው። የትንሣኤን ሌሊት ቅዳሴ ለማየት የሚጓጉ እናቶች፣ የረመዳን ፕሮግራም የሚወዱ ጎረቤቶቻችን በዚህ መንገድ ያለ ችግር ያዩታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ መቅረጫ ካምፕ ውስጥ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

በክረምት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ሲበዛ ቀኑም አይረዳችሁም። ያን ጊዜ መብራቱ ይቅደም።

በባትሪ ጉዳይ ሌላ ነገር ልጨምር። ሪሲቨር ስትመርጡ አስማሚው ላይ ወይም ጀርባው ላይ «12 ቮልት ዲሲ» የሚል ካለ እሱን ውሰዱ። በሶላሩ መቆጣጠሪያ በኩል በቀጥታ ይገናኛል። 220 ቮልት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ኢንቨርተር ያስፈልጋል፤ ኢንቨርተሩ ራሱ ደግሞ ምንም ሳይሠራ ይበላል።

የሚቀረጽ ነገር መኖሩንም አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ብዙ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሥርጭት ሄደዋል። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን የዓረብኛውን የሚያዩት ግን በናይልሳት፣ ከ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ከገዳሪፍ ሲታይ የናይልሳት ሳህን ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ 40 ዲግሪ በማይሞላ ከፍታ ይቆማል። የኢትዮሳቱ ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ 60 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ያንጋጥጣል። አንዱ ሳህን ሁለቱን አይዝም። ስለዚህ የናይልሳት ሳህን ያለው ሰው አዲስ ሪሲቨር ስለገዛ ብቻ የአገር ቤት ዜና አይመጣለትም፤ ወይ ሳህኑን ማዞር ወይ ሁለተኛ መትከል አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት የምትፈልጉት ጣቢያ በሰፈራችሁ የት ቤት እንደሚያዝ፣ ሳህኑ ስንት ሜትር እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ።

«ስልክ እያለ ምን ሪሲቨር ያስፈልጋል?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ኔትዎርክ ሲኖር ልክ ናቸው፤ የሚፈልጉትን በሚፈልጉት ሰዓት ያያሉ። ግን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በሱዳን ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሳህን ግንብና ኬብል አይፈልግም፤ ከሰማይ ነው የሚቀበለው። ቀርጻችሁ ፍላሽ ላይ ያስቀመጣችሁትንም ማንም አያቋርጥባችሁም። በተረፈ ለዘፈንና ለአጭር ቀልድ ብቻ ከሆነ ስልኩ ይበቃል፤ ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ተማሪ ያለበት ቤት ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። አገር ቤት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰጥ የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት የተማረ ሰው ያውቀዋል። የፕላዝማው አስተማሪ በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር «አንዴ ቆይ» ሊለው አይችልም። ብዙ ልጅ በዚህ ተማርሯል። የተቀረጸ ትምህርት ግን ይቆማል፤ ያልገባው ቦታ አምስት ጊዜ ይመለሳል። ልጃችሁ የሚከታተለው የትምህርት ፕሮግራም ካለ፣ መቅረጫውን ለዜናና ለድራማ ከመግዛት ይልቅ ለዚህ መግዛት ለእኔ የበለጠ ያስኬዳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዋጋ በፓውንድ አልጽፍላችሁም፤ ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት ወዲህ የሱዳን ፓውንድ እንደወረደ ታውቃላችሁ፤ ወረቀቱ እጃችሁ እስኪገባ ቁጥሩ ይለወጣል። በሥራ ቀን ቁጠሩት። ሪሲቨሩ የስንት ቀን አጨዳ ነው? ፍላሹስ? በዚያው የቀን ብዛት ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል? ባልና ሚስት ተቀምጠው ይሄን ሲቆጥሩ አብዛኛው ክርክር በራሱ ያልቃል። ሳህንም ሶላርም የሌለው ቤት በሪሲቨር አይጀምር፤ መጀመሪያ ሶላርና ባትሪ፣ እሱ ለመብራትም ለስልክም ነው። ሪሲቨር ያለው ቤት ደግሞ ሌላ ከመግዛቱ በፊት የያዘውን ገልብጦ ይየው፤ የፍላሽ ቀዳዳ ካለው ምናልባት መቅረጫው እስከ ዛሬ ቤቱ ተቀምጧል። የሚያስፈልገው ፍላሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚጎድለው ከበዛ ደግሞ ሦስት አራት ጎረቤት እቁብ ገብቶ አንድ መግዛት ነውር የለውም። ቀረጻው በፍላሽ ከቤት ቤት ይዞራል።

ገበያ ስትሄዱ የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንዱ ሪሲቨር ቀዳዳው ቢኖረውም አይቀርጽም፤ ፊልም ለማጫወት ወይም ሶፍትዌር ለመጫን ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃ አስቀርጹ፣ አጫውቱት፣ ከዚያ ነቅላችሁ ሌላ ሪሲቨር ወይም ስልክ ላይ ሞክሩት። በራሱ ላይ ብቻ የሚጫወት ከሆነ ለጎረቤት ማካፈሉ ቀረ፤ ዕቃው ሲበላሽም ቀረጻው አብሮ ጠፋ። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። እኛ ለመመለስ ስንፈልግ እንደገና የመውጫ ፈቃድና የመኪና ሒሳብ አለብን።

በፍላሽም ይታለላል። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፎ ውስጡ 8 የሆነ አለ። ሙሉውን በፋይል ሞልታችሁ መጨረሻ የገባውን ክፈቱ፤ ካልከፈተ ውሸት ነው። ተራ ጥራት ያለው ሥርጭት በሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ጊጋ ይወስዳል፣ ኤችዲ የሚባለው ከዚያ በላይ። እውነተኛ 32 ጊጋ ለአንድ ቤተሰብ ሳምንት ያስኬዳል፣ ካያችሁት በኋላ ከደመሰሳችሁ። እየቀረጸ ሳለ ፍላሹን አትንቀሉ፤ ባትሪው መሀል ላይ ከጠፋም ያ ቀረጻ ሊበላሽ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ አትጠብቁ፦ ይሄ ሪሲቨር እየቀረጸ ልጆቹ ወደ ፈለጉት ጣቢያ ሊቀይሩ አይችሉም። ሪሞቱን ደብቁት።

በመጨረሻ የሰዓት ነገር። ሪሲቨሩ በራሱ ተነስቶ እንዲቀርጽ ሰዓት ትሞሉለታላችሁ፤ ብዙ ቀረጻ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች የአገር ቤት ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የአዲስ አበባው የምሽት 2 ሰዓት ዜና በፈረንጅ አቆጣጠር 20፡00 ነው፤ እዚህ ግን 19፡00። ሪሲቨሩ ሰዓት መምረጫ ላይ ለሱዳን ጂኤምቲ ሲደመር 2፣ ለኢትዮጵያ ጂኤምቲ ሲደመር 3 ይላል። ሲደመር 2 ላይ ካደረጋችሁት ዜናውን 19፡00 ብላችሁ ሙሉ፤ ሲደመር 3 ከሆነ 20፡00። አቀላቅላችሁ ከሞላችሁ ከዜናው በፊት ወይም በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ቀርጾ ይጠብቃችኋል። ፕሮግራምም ሁልጊዜ በሰዓቱ አይጀምርም፤ ከፊት አሥር ደቂቃ፣ ከኋላ ሠላሳ ደቂቃ ጨምሩበት። ሪሲቨሩ ከባትሪው ከተነቀለ ሰዓቱ ሊጠፋበት ስለሚችል፣ ቀጠሮ ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ጣቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ሰዓት ከስልካችሁ ጋር አስተያዩ።