ሽምግልናው ቀኑን እንዳይበላው



ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ስለ ወርኃዊ መዋጮ ወይም ስለ ድንኳንና ስለ ሰሐን አይደለም። ስለ ራሳችን ጥፋት ነው። ጥፋቱ የደረሰው በአንዲት እኅታችን ላይ ነው። ስሟን አንጽፍም፤ ነገሩ ግን ለሌላው ትምህርት ይሁን ብላ ፈቅዳልናለች።

ይህች እኅታችን ከባሏ ጋር በሰማንያ 14 ዓመት ኖራ ተለያየች። የጸባቸው ምክንያት የእነሱው ነው፤ አንገባበትም። ሦስት ሽማግሌዎች ገብተን ንብረቱን በቃል አስቆጠርን። የስምምነቱን ወረቀት የጻፈው የዚህ ማኅበር ጸሐፊ እጅ ነው። ባልየው ሁለቱን ላሞች «ለዕዳ ሸጫቸዋለሁ» ብሎ ሁለት ምስክር የፈረመበት የሽያጭ ወረቀት አወጣ። እኛም አየነው፤ አመንነው። እሷ «እስቲ ትንሽ ቆዩኝ፣ ልጠይቅ» ስትል፣ «ምን ያስቆይሻል፣ ነገር አታብዢ፣ ተገላገዪ» ያልናት እኛው ነን። ፈረመች። ፍርድ ቤቱም ሁለቱም ተስማምተናል ስላሉ ፍቺውንም ክፍፍሉንም አጸደቀው።

ከሰባት ወር በኋላ ላሞቹ ከጉና ሥር፣ አንድ ዘመዱ ዘንድ፣ ለርቢ ተሰጥተው ተገኙ። አንደኛዋማ ወልዳለች። ከምስክሮቹም አንዱ «ፈርም ስላለኝ ፈረምኩ እንጂ ሽያጭ አላየሁም» ብሎ አመነ።

እኅታችን ይህን ባወቀች በሦስተኛው ቀን ወደ እኛ መጣች። እኛ ምን አልን? «ክስ ምን ያደርግልሻል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናየዋለን» አልን። በመጀመሪያው እሑድ ባልየው አልመጣም። በሁለተኛው ለቅሶ ነበረብን። በሦስተኛው መጥቶ «አስቤበት ልመለስ» አለ። አራተኛውም አምስተኛውም እንዲሁ አለፈ። ሲመረን ጊዜ «እንግዲያ ፍርድ ቤት ሂጂ» አልናት። ሄደች። ቀኑ አልፏል ተብላ ተመለሰች።

ኋላ ጠበቃ ጠይቀን የተረዳነውን፣ ሌላው ሰው እንዳይጎዳ እዚህ እንጽፈዋለን።

በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በፍርድ ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኙን በ60 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ጊዜ ነው። ደግሞ ወደው ተስማምተው ባስጸደቁት ነገር ይግባኝ ማለት ቀላል አይደለም። «ፈርመሽ የለም ወይ?» ነው መልሱ።

ፍርዱ ካለቀ በኋላ ተንኮል ሲገለጥ ግን ሌላ በር አለ። ሐሰተኛ ሰነድ፣ የሐሰት ምስክርነት ወይም መደለያ ሲገኝ፣ ተበዳዩም ተግቶ ቢፈልግ እንኳ አስቀድሞ ሊያውቀው ያልቻለው ከሆነ፣ ይግባኝም ካልተባለበት፣ ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት በቃለ መሐላ አስደግፎ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላል። ጊዜው ነገሩ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ብቻ ነው። አምስት እሑድ ስንት ቀን እንደሚሆን እናንተው ቁጠሩት።

በክፍፍሉ የሌላ ሰው ንብረት ገብቶ ሲገኝም መንገድ አለው። የእናት ጊደር ለርቢ ተሰጥታ በባልና ሚስት ስም ብትቆጠር፣ በክርክሩ ያልነበረችው እናት ፍርዱ ሳይፈጸም መቃወሚያ ማቅረብ ትችላለች። የልጆች ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ማን ያሳድግ፣ ቀለቡስ ስንት ይሁን ተብሎ የተወሰነው ኑሮ ሲለወጥ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። ልጅ የላም ያህል አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ይህን ስንናገር ከአባቶቻችን መካከል ቅር የሚላቸው እንዳሉ እናውቃለን። «ሽማግሌ የጨረሰው፣ ፍርድ ቤት ያተመበት ነገር እየተፈታ ከተቆጠረ ማን ሽማግሌ ያምናል? ጸብስ መቼ ይበርዳል?» ይላሉ። ይህ አባባል እውነት አለው። ተስማምቶ ፈርሞ፣ በሬው ሲወደድ ጊዜ «ላሟ ትቅርብኝ፣ በሬውን ስጡኝ» የሚል ሰው ሊሰማ አይገባውም። ጸጸት ፍርድ አያፈርስም። የተፋቱ ሰዎችም አንድ ቀን ማረፍ አለባቸው።

ነገር ግን መጸጸትና መታለል አንድ አይደሉም። የተታለለ ሰው የተስማማው በሌለ ነገር ላይ ነው። እኅታችን «ላሞቹ የሉም» ተብላ ነው የፈረመችው። ላሞቹ ግን ነበሩ። ይህን «ያለቀ ነገር» ብሎ መሸፈን ሽማግሌን አያስከብርም፤ ያስንቃል እንጂ።

ደግሞ እናስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ዳኞች ሰጥቶ ነበር። ያ ሁሉ ሥልጣን ሲሰጣቸው እንኳ፣ ዳኞቹ ከተደለሉ፣ ሌላ ሰው ተንኮል ከሠራ ወይም ውሳኔው ሕገ ወጥ ከሆነ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችል ነበር። ዛሬ ደግሞ በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። የእኛ ሥራ ማስታረቅና መምከር ነው። ቀን ማስቆጠር ግን በእጃችን የለም፤ የሕግ ቀን ለለቅሶም ለእሑድም አይቆምም።

ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን እንላለን።

አንደኛ፣ የተፈረደ ነገር ይዞ የመጣን ሰው «እሑድ እናየዋለን» ብለን አንያዘው። መጀመሪያ ማመልከቻውን ያስገባ። ሽምግልናው ጎን ለጎን ይቀጥላል፤ ከታረቁ መዝገቡን መዝጋት አያቅትም።

ሁለተኛ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የክፍፍል ወረቀት በተጻፈበት ቀን አይፈረም። ተነቦ፣ ሁለቱም ወገን ወስዶት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይደር። «ልጠይቅ» ያለችን ሴት ነገር አበዛች አንበል።

ሦስተኛ፣ ንብረት በቃል አይቆጠር። የመሬት ደብተሩ ይታይ፤ የባልም የሚስትም ስም ያለበት ነው። የባንክ ደብተሩ ይቅረብ። ለርቢ የተሰጠ ከብት ያለበት ቤት ድረስ ሰው ይላክ። ዕዳም ከተባለ አበዳሪው ራሱ ይጠራ። ይህ ሁሉ የአንድ ሁለት ቀን መንገድ ነው። እኛ ያን መንገድ ባለመሄዳችን እነሆ ሁለት ላም ከነጥጃዋ ቀረ።

እኅታችንን በማኅበሩ ስብሰባ ፊት ይቅርታ ጠይቀናል። እሷም «እናንተስ ለሰላም ብላችሁ ነው» ብላ ይቅር ብላናለች። ይህ ቃሏ ከስድብ ይልቅ ከብዶናል። ይቅርታ ላም አይመልስምና፣ ከላይ የዘረዘርናቸው ሦስት ነገሮች በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ በማኅበሩ ደንብ እንዲገቡ እናቀርባለን። ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይም እናቶችና እኅቶች፣ ቀርታችሁ እንዳታሳዝኑን እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ